በካሴቱ ውስጥ የነበረው ሳል

የመመረቂያ ጥናትህን መጠይቅ ስትሰጠኝ ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከወጣ አምስት ደቂቃ አልሞላውም፤ ያ የተለበለበ ቀለም ሽታው አልለቀቀውም። «ለተማሪዎችዎ ያድሉልኝ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅባቸውም» አልኸኝ። ገለጥ አድርጌ የመጀመሪያዋን መስመር አነበብሁ። «ከማዳመጤ በፊት ስለምሰማው ነገር አስቀድሜ እገምታለሁ።» ከጎኗ አምስት ሣጥኖች ተደርድረዋል፦ ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በፍጹም። ሳቄ መጣ። ትሑት ልጅ ስለመሰልኸኝ ዋጥሁት።

አድዬልሃለሁ። ተሞልቶ ተመልሶልኛል፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሳልቆጥርም ልነግርህ እችላለሁ፤ ልጆቹ ከላይ እስከ ታች «ሁልጊዜ» ላይ ነው ምልክት ያደረጉት። አንዳንዶቹ ብልጥ ለመምሰል መሃል መሃል ላይ «ብዙ ጊዜ» ጣል አድርገውበታል። አንተም ይህን ሰብስበህ፣ ደምረህ፣ አካፍለህ ዲግሪ ትቀበልበታለህ። አልቀየምህም፤ ሥራው እንደዚያ ነው። አንዲት ትርፍ ወረቀት ግን እኔው ዘንድ ቀርታለች። ይህን ሁሉ የምነግርህ ስለ እሷ ስል ነው።

የወረቀት ቀለም ሽታን መጀመሪያ ያወቅሁት እዚሁ መካነ ሰላም፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ሕንፃው ምን አደረገኝ። ያኔ ወረቀት የሚባዛው በእጅ በሚዘወር ማባዣ ነበር። ቀለሙ ጣት ላይ ይቀርና ምሳችን ላይ ሳይቀር ይሸተን ነበር። ያባዛው የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው። በየክረምቱ እየሄደ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር፣ በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ክራቫቱ እንዲታይለት ኮቱን ከፍቶ የሚሄድ ሰው ነበር። ከክረምት በተመለሰ ቁጥር አንድ አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ እሷን ሲያኝክ ይከርማል። የዚያ ዓመቷ ቃል «ሜታኮግኒቲቭ» ነበረች። አፉን ሞልቶ ከጠራት በኋላ «ስለ ራስ አስተሳሰብ ማሰብ ማለት ነው» አለንና እንድናደንቀው ጠበቀ። አላደነቅነውም። ስለምንም ነገር አስበን የማናውቅ ስልሳ ልጆች ነበርን።

የመመረቂያ ጥናቱ ተማሪዎች ሲያዳምጡ የሚጠቀሙበትን ዘዴ ይመለከታል ተባልን። ዘዴው ሦስት ነው አለ፤ ከማዳመጥ በፊት ማቀድ፣ እያዳመጡ ራስን መከታተል፣ ካዳመጡ በኋላ ያመለጠውን መመርመር። ሰሌዳው ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ ጻፈው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ስንገለብጥ ከረምን። በስድስቱም ሳምንት ውስጥ አንድም ነገር አላሰማንም።

ማዳመጡንማ ቀኑን ሙሉ እናዳምጥ ነበር፤ ፕላዝማ ነበረን። ግድግዳው ላይ የብረት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ቴሌቪዥን ነው። የክፍል አለቃ ስለነበርሁ የሣጥኑን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንጎራደድ ነበር። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነዋል። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ የሚተወው የፕላስቲክ ሽታ ከስልሳ ልጅ እርጥብ ልብስ ሽታ ጋር ይደባለቃል፤ ሰማያዊው ብርሃን ፊታችን ላይ ይሄዳል፣ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ላይ የምታስተምረን ሴት በእንግሊዝኛ እንደ ጎርፍ ትወርድና ድንገት ጥያቄ ትጠይቃለች። አሥር ሰኮንድ ሙዚቃ ይሰማል። ክፍሉ ጭጭ። ከዚያ «በጣም ጥሩ! ጎበዞች ናችሁ!» ትለናለች። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳንመልስላት ስታመሰግነን ኖረች። እንደዚያች ሴት የናቅሁት ፍጡር አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ዲያቆን ስለነበር ክፍሉ «ዲያቆኑ» ይለዋል። ከመካነ ሰላም በከላላ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ከምትርቅ ደብር መጥቶ፣ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን በትከሻው ይዞ የሚመላለስ ልጅ ነበር። አባቱ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ሕፃናት ሰብስበው ዳዊት በቃል ያስጠናሉ። እሱም ዩኒፎርሙ ላይ ነጠላ ይደርባል። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህሩን ልማድ ሆኖበት «የኔታ» ብሎ ጠራውና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። መካነ ሰላም መናኸሪያና ሁለት ሆቴል ስላላት ከተሜ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የእሱ እንግሊዝኛ ለመስማት ያሳፍራል፤ «ስሜ እገሌ ነው» ለማለት ያልበዋል። አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ነጠላው እንዳይነካኝ ሸሸት እል ነበር።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔንና ዲያቆኑን በረዶ ያዘንና አንድ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልን። ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁራል። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ። ጠጋ ስል እንግሊዝኛ ነው። የፕላዝማዋ ሴት እንግሊዝኛ፣ በራሷ ዜማ፣ መውጫ መውረጃው ሳይቀር። ጥያቄ ላይ ሲደርስ አፉን ዘግቶ የሙዚቃዋን ጊዜ ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ! ጎበዞች ናችሁ!» ይላል። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ሳቄ ሲያልቅ ነው። የዚያን ቀን የፊዚክስ ትምህርት ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ አፉ ውስጥ ነበር።

«ይገባሃል?» አልሁት።

«ምኑ?»

«የምትለው ነዋ!»

«ወላሂ ቅንጣት አልገባኝም» አለ፣ ዲያቆን ሆኖ እንደ ወሎ ሰው ምሎ። «ዳዊቱንም መጀመሪያ ንባቡን ነው የያዝሁት። ፍቺው ኋላ ይመጣል።»

እንዴት እንደሚይዘው ጠየቅሁት። አባቱ እንዳስተማሩት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። አውራ ጣቱን የሌባ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ላይ አሳረፈ። «የሚናገረው ሰው አንድ ነገር በጨረሰ ቁጥር ጣቴን ወደሚቀጥለው አንጓ አሳልፋለሁ። እጄ ሲያልቅ ወደ ሌላኛው። ሲበቃ ከመጀመሪያው አንጓ ጀምሬ እመለሳለሁ። ያልያዘች አንጓ ካለች ዝም ትላለች። ያመለጠኝን የማውቀው በሷ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የያዘ ሰው እጠይቃለኋ!»

መምህራችን በሦስት ቀለም ጠመኔ የጻፈው ነገር በሙሉ እዚያ ልጅ መዳፍ ላይ ነበር። ይህን ያኔ አስተዋልሁ ብዬ አልዋሽህም። ያኔ የታየኝ ማስታወሻ ብቻ ነው። ፕላዝማዋን ተከትሎ መጻፍ የቻለ ሰው ስላልነበር የሁላችንም ደብተር ቁርጥራጭ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ከክፍሉ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር እንቀመጣለን። እሱ የጠዋቱን ትምህርት በሴትየዋ ዜማ ይወርዳል፤ እኔ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ ስለሚገባኝ ሳበቃ ፍቺውን እነግረዋለሁ፤ በችኮላ፣ ምጽዋት እንደሚሰጥ ሰው፣ ግማሹን እያስቀረሁ። «ቃሉ ከኔ፣ ፍቺው ካንተ» ይል ነበር ደስ ብሎት። እኩል የተካፈልን ይመስለው ነበር። በዚያ ደብተር የመጀመሪያውን መንፈቅ አንደኛ ወጣሁ። እሱ ሠላሳ ስንተኛ ወጣ። ደብተሬ ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገርሁም፤ እሱም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።

አንድ ቀን እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር፣ እያፈረ፣ የጤና መኮንን መሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። የአባቱ ሐሳብ ደጃፋቸውን እንዲወርስ ነበር። ለምኖ ለምኖ አንድ ዓመት ሰጥተውታል፤ ያለ ነቀፋ ከጨረሰ ይቀጥላል፣ ስሙ በክፉ ከተነሣ ግን ወደ ደብሩ ይመለሳል። «ነቀፋ ከየት ይመጣብኛል?» አለኝና ሳቀ። እኔም ልቤ ውስጥ፣ አንተን ጤና ጣቢያ ማን ያስገባሃል፣ አልሁ።

ግንቦት ላይ መጠይቁ ታደለ። ቀለሙ አልደረቀም። መምህሩ እንዲገባን ብሎ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የባሰ ነበር። «የማዳመጥ ሂደቴን በአግባቡ እቆጣጠራለሁ» የሚል ነገር አስታውሳለሁ። ስማችሁን ጻፉ ተባልን። እኔ ሳላነብ ከላይ እስከ ታች «ሁልጊዜ» ላይ ምልክት አድርጌ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። ዲያቆኑ ግን እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ላቡ ጠብ ይላል። ጎንበስ ብዬ ሳይ «በፍጹም»፣ «በፍጹም»፣ «በፍጹም» ይላል።

«ምን ነካህ?» አልሁት በሹክሹክታ።

«ውሸት ልጻፍ? እየሰማሁ ራሴን እንደገባኝ እጠይቃለሁ ወይ ይላል። እኔ ራሴን ስጠይቅ ማን ይሰማልኛል?»

በሳምንቱ ፈተናው መጣ። መምህሩ አራት ባትሪ የሚበላ ቴፕ ተሸክሞ ገባና ጠረጴዛው ላይ እንደ ታቦት አሳረፈው። ባቡር ተሳስታ ስለተሳፈረች አንዲት ሴት የሚያወራ ታሪክ ነው፤ አንዳችንም ባቡር አይተን አናውቅም። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ያነበዋል። መሃል ላይ፣ ሴትየዋ ትኬቷን ስትፈልግ፣ አንባቢው ቆም ብሎ ሁለት ጊዜ ሳለና ቀጠለ። ካሴቱ ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ ሳሉም ሁለት ጊዜ። ከዚያ ታሪኩ አሥር ቦታ ላይ እየተቆረጠ የተጻፈበት ወረቀት ታደለን፤ ባዶ ቦታውን ሙሉ ተባለ። ዲያቆኑ ዓይኑን ጨፍኖ በአንጓዎቹ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጻፈ።

እኔ ስምንት አገኘሁ። እሱ አሥር ከአሥር።

ነገሩ ምን እንደሆነ ይገባሃል፤ አንተም ጥናት ትሠራለህ። ዘዴውን «ሁልጊዜ» የሚጠቀም ከፍ ያለ ውጤት ማምጣት፣ «በፍጹም» የሚል ደግሞ መውደቅ አለበት። የቀረነው ሁሉ በታዛዥነት እንደዚያው ሆነንለት ነበር። አንድ ነጠላ የደረበ ልጅ መጥቶ የሰውየውን ዲግሪ አበላሸበት። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበር ስቦ ልጁን «እንዴት ነው የምታዳምጠው?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። የእኛው መምህር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለማሰብ እንኳ አልፈለገም፤ ስለ ማሰብ ማሰቡ በቅቶት ነበር። ካሴቱ ላይ የተነበበው ታሪክ ያለበት መጽሐፍ የሚቀመጠው የመምህራኑ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከፈተናው በፊት በነበረው ዓርብ ያን ክፍል የመጥረግ ተራ የዲያቆኑ ምድብ ነበር። በቃ፣ ሰርቆ አጥንቶ ነው ተባለ። አንዳንዱን ቃል በፊደል አጣሞ መጻፉ እንኳ ስርቆቱን ለመሸፈን ነው ተብሎ ተተረጎመ። ዜሮ ተሰጠው፤ ደግሞም ወላጅ አምጣ።

አባቱ በሚመጡበት ቀን ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ መምህሩ ከክፍል አስወጣኝ። ኮሪደሩ ላይ ክራቫቱን እያስተካከለ «አጠገቡ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለኝ። «ይህን ያህል የሚይዝ ጆሮ አለው? አይተህ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ ብል «በምን አወቅህ?» ይመጣል። ከዚያ ደብተሬ ይመጣል። ከዚያ አንደኝነቴ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁት፤ ያ ሁሉ የማሰብ ትምህርት የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ቲቸር» አልሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አባቱ ረፋዱ ላይ ደረሱ። በቅሏቸውን ከበሩ ባሕር ዛፍ ጋር አስረው፣ ጥምጣማቸው አቧራ ለብሶ፣ ወደ መምህራኑ ክፍል ገቡ። ከካባቸው የበቅሎ ላብና የጢስ ሽታ ይመጣል። ማንም ወንበር አላቀረበላቸውም። ለምስክርነት ተጠርቼ እዚያው የነበርሁት እኔ አመጣሁላቸው፤ ያን ቀን የሠራሁት መልካም ነገር ያ ብቻ ነው። መምህሩ ክሱን ዘረዘረ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ማለት ነው» ማለት ይወዳል። ሲጨርስ ቄሱ «መምህር፣ ያሉትን ይዤ እንደሆነ ልበልልዎ» ብለው ክሱን ከራስጌው እስከ ግርጌው መለሱለት። «ማለት ነው» እንኳ አልቀረችም፤ ሰባቱንም በየቦታዋ አስቀመጧት። መምህሩ ፊቱ ቀላ። እንዲያ ሲመለስለት ክሱ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለራሱም ተሰምቶት እንደሆነ አላውቅም።

ቄሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰምተህ ነው ወይስ አይተህ?»

«ሰምቼ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው በለው።»

ዲያቆኑ ነጠላውን አጣፋ፣ አውራ ጣቱን አንጓው ላይ አሳረፈ፣ ጀመረ። በዚያ ወፍራም ድምፅ። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው በራሳቸው አንጓዎች ላይ አብረውት ይሄዳሉ፤ መምህሩ መጽሐፉን ከፍቶ በእርሳስ እያንዳንዷን ቃል ይከተላል። ሴትየዋ ትኬቷን የምትፈልግበት ቦታ ሲደርስ ልጁ ቆም አለ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ቀጠለ። መምህሩ ሳሉ እስኪያልፍለት እርሳሱን ከፍ አድርጎ ጠበቀው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃል አሳለፈው።

ልጁ ጨረሰ። ቄሱ ዓይናቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ። ለእነሱ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል። በእነሱ ቤት አንድ ልጅ የሰማውን ሳያጎድል ከመለሰ ንጹሕ ነው፤ ሌላ ምስክር አይጠራም። ምስኪኖች፣ ትምህርት ቤት መሆናቸውን ረስተውታል።

«ይኸው!» አለ መምህሩ መጽሐፉን በመዳፉ እየመታ። «ራሱን አጋለጠ። ከመጽሐፉ አንድ ቃል አልጎደለውም። ሁለት ጊዜ ሰምቶ ይህን የሚችል ሰው የለም። በቃሉ አጥንቶታል ማለት ነው።»

«የኔታ፣ ሌላ ካሴት ያሰሙኝ» አለ ዲያቆኑ።

«ባትሪው አልቋል።»

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባትሪ በክር ሰክቶ በራፉ ላይ ያንጠለጥላል። ከመምህራኑ ክፍል መስኮት ይታያል።

ቄሱ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ ያ ጓደኛው? ፍቺውን የሚነግረው? እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። በየሳምንቱ ስላንተ ይነግረኛል። እስቲ የምታውቀውን ተናገር።»

የምናገረው ምላሴ ላይ ነበር። «ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ ሳል የለም።» አምስት ቃል ነው። ደብተሬን እንኳ ማንሣት አያስፈልገኝም ነበር። ዲያቆኑ ያየኛል፤ ሳይለምን፣ ሳይቆጣ፣ እንደምናገር እርግጠኛ ሆኖ። ዓመቱን ሙሉ ስንቀው የኖርሁት ልጅ እኔን ማመኑ በዚያች ሰዓት አናደደኝ። ወላዋይነት መሰለህ? አይደለም። ንቀት ነው። እኔ ስምንት አግኝቼ እሱ አሥር ማግኘቱን ጆሮዬ እየሰማ ልመሰክርለት አልፈለግሁም።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልሁ።

ቄሱ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ሰማሁህ» አሉ። ከወንበሩ ተነሡና ለመምህሩ «ይህን ልጅ መስማት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እዚህ መስማት ከስርቆት የሚቆጠር ከሆነ ይዤው እመለሳለሁ» አሉት።

«አባ፣ ዜሮ ነው የተሰጠው እንጂ አልተባረረም እኮ። መማር ይችላል።»

«ሌባ ተብሎ?» አሉና ወጡ።

ክፍሉ ለእረፍት ወጥቷል። ዲያቆኑ ደብተሮቹን ሊወስድ ሲገባ እኔ የፕላዝማውን ሣጥን የምቆልፍ እየመሰልሁ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ከረጢቶቹ ቀዳዳ በኩል የገባ ፀሐይ አግዳሚያችን ላይ ነጠብጣብ ሆኗል። ደብተሮቹን ሲሰበስብ ይሰማኛል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ!

«ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አልነበርህም» አለ። «ባዮሎጂ ነበር።»

ቁልፉን ደግሜ አዞርሁት።

«ደብተርህን አውጣ አቦ፤ አባቴ እየጠበቀኝ ነው።»

አወጣሁ። ለማንም ነግሬ የማላውቀው ይህን ነው። አውጥቼ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ። ጠዋት ሌባ ተብሎ፣ አባቱ በመንገድ ላይ ሳሉ፣ ያችን ሴት አዳምጦ በአንጓዎቹ ይዞልኝ ቆይቷል። በዜማዋ ጀመረ። ስለ ደም ዝውውር ነበር። እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ጥያቄዋ ላይ ደረሰና አፉን ዘግቶ ሙዚቃዋ እስክታልቅ ጠበቀ።

አሥር ሰኮንድ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ይቅር በለኝ ለማለት አሥር ሰኮንድ ብዙ ነው። ቆጠርሁት እንኳ።

«በጣም ጥሩ! ጎበዞች ናችሁ!» አለ፣ በሴትየዋ ድምፅ፣ እና ቀጠለ።

ከበሩ አባቱ ተጣሩ። «ና እንግዲህ፣ መንገዱ ሩቅ ነው!» ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተነሣ። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። እኔ ቀና አላልሁም።

«የቀረችውን የያዘ ሰው ጠይቅ» አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዞር ብሎ «አብሽር» አለኝ። ለእኔ! የምጽናናው እኔ የሆንሁ ይመስል!

መምህሩ ዲግሪውን አገኘ። የዲያቆኑን ወረቀት አውጥቶ ጥሎ ነው የደመረው። በጥናቱ ውስጥ ዘዴውን ሁልጊዜ ከሚጠቀሙት ጎበዞች አንዱ እኔ ነኝ፤ ኋላም እንደ እሱ የእንግሊዝኛ መምህር ሆንሁ። ዲያቆኑ አባቱ ሲደክሙ ደጃፉን ወረሰ ይላሉ፤ ልጆች ከሩቅ ይመጡለታል ይላሉ። ነጭ ጋዋን አልለበሰም። ከላላ የሚሄደው መኪና ከደብሩ ሥር ያልፋል፤ መንገደኛ አንዳንዴ እዚያ ይወርዳል። እኔ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ወርጄ አላውቅም።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። የመጨረሻው መስመር «ደሙም ዞሮ ተመልሶ ወደ» ይልና ይቆማል። ወዴት እንደሚመለስ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ላይም ተጽፏል። አልሞላሁትም።

ትናንት ያችን ትርፍ ወረቀትህን ይዤ ተቀመጥሁና እያንዳንዷን መስመር በጣቴ እየተከተልሁ አነበብኋት። በፍጹም፣ በፍጹም፣ በፍጹም እያልሁ ወረድሁ፤ እንደዚያ ልጅ ውሸት ላለመጻፍ። መጨረሻዋ ላይ «ካዳመጥሁ በኋላ ያመለጠኝን ነገር መለስ ብዬ አስባለሁ» ይላል። እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «ሁልጊዜ» ላይ ምልክት አደረግሁና ስሜን ጻፍሁበት። ከልጆቹ ወረቀት ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ከሌሎቹ ጋር አትደምራት።